ከነርስ ዲፕሎማ ወደ ነርሲንግ ዲግሪ
(ለ8ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ትምህርት)



የዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄውን ያቀረበችልኝ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አልቆ ሰሌዳውን ስጠርግ ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ነርስ ለመሆን ዲፕሎማ ይበቃል ይባላል። ታዲያ ነርስ ሆኖ ሲሠራ የቆየ ሰው እንደገና ዲግሪ የሚማረው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ የስድስት ወር ኮርስ ወስደሽ ሥራ ያዢ ብሎኛል» ስትል ጨመረች።

ይህ ጥያቄ የአንዲት ልጅ ብቻ አይደለም። እዚህ ሐርጌሳ ከምንኖር ስደተኞች መካከል ልጁን ምን እንደሚያስተምር የማያሰላስል ወላጅ የለም። ስለዚህ መልሱን በቃል ተናግሬ ከማለፍ ሁላችሁም እንድታነቡት በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ነርስ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ነርስ ሲባል መርፌ የሚወጋ ሰው ብቻ ይታየናል። መርፌ መውጋት ግን ከሥራው ትንሹ ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን አይቶ፣ መድኃኒት አዝዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ የሚቆየው ነርስ ነው። ትኩሳቱን፣ የደም ግፊቱን፣ አተነፋፈሱን እየለካ ይመዘግባል። ሕመምተኛው ከትናንት ይልቅ ዛሬ እየደከመ መሆኑን አስቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አይቶም ሐኪም መጥራት ያለበት አሁን ይሁን ወይስ ቆይቶ የሚወስነው እሱ ነው።

ሒሳብም አለበት። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ሐኪሙ ለአንድ ሕመምተኛ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በተለምዶ «ጉሉኮስ» የምንለው ዓይነት፣ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲሰጠው አዘዘ እንበል። ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያንጠባጥብ ነው። ነርሷ ቱቦውን በደቂቃ ስንት ጠብታ እንዲያወርድ ማስተካከል አለባት?

ጠቅላላው ጠብታ፦ 1000 × 20 = 20,000
ጠቅላላው ደቂቃ፦ 8 × 60 = 480
በደቂቃ፦ 20,000 ÷ 480 = 41.67፣ ማለትም ወደ 42 ጠብታ

ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። «ሒሳብ ለነርስነት ምን ያደርግልኛል?» የምትሉኝ ተማሪዎች፣ መልሱ ይኸው። የተሳሳተ ስሌት ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት ያስከትላል፤ ሕመምተኛ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

2. ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ወረቀቶች አሉ። እነሱም የሙያ ፈቃድና የትምህርት ማስረጃ ናቸው።

የሙያ ፈቃድ «ይህ ሰው በዚህ አገር በነርስነት እንዲሠራ ተፈቅዶለታል» የሚል ወረቀት ነው። የሚሰጠው በመንግሥት ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። በኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ይሰጣሉ፤ በሶማሌላንድ ደግሞ የጤና ሙያተኞችን የሚመዘግብ ብሔራዊ ኮሚሽን አለ። ፈቃድ ያለው ነርስ «የተመዘገበ ነርስ» ይባላል።

የትምህርት ማስረጃ ግን «ይህ ሰው ይህን ያህል ተምሮ ተመርቋል» ይላል። የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ሰርቲፊኬት፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ለምሳሌ አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተምሮ፣ ወይም አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ለተመዘገበ ነርስነት ፈቃድ የሚፈተነው ያንኑ አንድ ፈተና ነው። ፈተናውን ካለፉ ሁለቱም የተመዘገቡ ነርሶች ናቸው። አንደኛው ግን ዲግሪ አለው፤ ሌላው የለውም። እንግዲህ የተማሪያችን ጥያቄ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። ፈቃዱን ይዞ፣ ሥራውን እየሠራ፣ የጎደለውን ጨምሮ ዲግሪውን የሚይዝበት መንገድ አለ ወይ? አለ።

ሌላም ልዩነት አለ። ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በአንድ አገር የተሰጠ ፈቃድ በሌላ አገር እንዲሁ አያሠራም፤ አዲሱ አገር እንደገና መርምሮ ይመዘግባል። ሲመረምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደግሞ የትምህርት ማስረጃውን ነው። ለስደተኛ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

3. መሰላሉ

በአገራችን የነርሲንግ ትምህርት ረዥም ታሪክ አለው። ወላጆቻችን የሚያስታውሷቸው ድሬሰሮችና የጤና ረዳቶች ነበሩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ነርሶችም በዲፕሎማ፣ በኋላም በዲግሪ ይመረቁ ጀመር።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶች የወጡት መሰላል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ኮሌጅ ገብተው በዲፕሎማ ወይም በኋላ እንደተባለው በ«ሌቭል አራት» ሠለጠኑ። ቀጥሎ የብቃት ማረጋገጫውን ፈተና፣ ሁላችንም «ሲ.ኦ.ሲ.» የምንለውን፣ አለፉ። ከዚያም በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል እያገለገሉ ቆዩ። በመጨረሻም ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ቀድሞ የተማሩት ተቆጥሮላቸው፣ ዲግሪያቸውን ያዙ። ይህ «ማሻሻል» ይባላል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ማንኛውም ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት።

እዚህ ሐርጌሳም መሰላሉ አለ። የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተከፍቶ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አቋቁሟል። የኤድና አዳን ዩኒቨርሲቲም ነርሶችንና አዋላጆችን በዲግሪ ያሠለጥናል። ወደነዚህ ለመግባት ግን ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ፣ ማለትም «ፎርም ፎር» መድረስና ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ከሕመምተኛ ጋር ለመነጋገር ደግሞ ሶማሊኛ የግድ ነው። የት እንዳመማት በቋንቋዋ ያልጠየቃትን እናት ማን ሊያክማት ይችላል?

4. ዲግሪው ምን ይጨምራል?

ዲፕሎማ ያለው ነርስ አልጋ አነጣጠፍን፣ ቁስል አጠባበቅን፣ መድኃኒት አሰጣጥን ያውቃል። ዲግሪው እነዚህን እንደገና አያስተምረውም። የሚጨምርለት የኅብረተሰብ ጤናን፣ ስታቲስቲክስን፣ የምርምር ጽሑፍ አነባበብን፣ የሥራ አመራርን፣ የሙያ ሥነ ምግባርን፣ የሕመምተኛን ሰውነት በጥልቀት መመርመርን ነው። ባጭሩ ዲፕሎማው «እንዴት» የሚለውን ሲያስተምር፣ ዲግሪው «ለምን» የሚለውን ያክላል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ በተቅማጥ የታመመውን ሕፃን ታክማለች። ዲግሪ የተማረችው ግን በዚያው ሳምንት ከአንድ ሰፈር ስምንት ሕፃናት እንደመጡ በመዝገብ አይታ፣ የሰፈሩ የውሃ ታንከር እንዲመረመር ታደርጋለች።

ይህ ለሕመምተኛ ይጠቅማል ወይ? ሊንዳ አይከን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ባወጡት ጥናት በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር 168 ሆስፒታሎችን መርምረው ነበር። በአንድ ሆስፒታል ከሚሠሩ ነርሶች መካከል ባለ ዲግሪዎቹ ከመቶ በ10 እጅ በበዙ ቁጥር፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕመምተኛ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከመቶ በ5 እጅ ቀንሶ ተገኘ። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተደረገው ጥናትም ወደዚሁ ያደላ ውጤት ሰጥቷል። ተማሪዎች ልብ በሉ፣ ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን አሳየ እንጂ ወረቀቱ ብቻውን ሰው ያድናል አላለም። ቢሆንም መንግሥታት ነገሩን በቀላሉ አላዩትም። በእንግሊዝ ከ2013 ወዲህ አዲስ ነርስ የሚሆን ሁሉ በዲግሪ ደረጃ እንዲማር ተደርጓል። የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገርም በ2017 ባወጣው ሕግ አዲስ የሚመዘገቡ ነርሶች ፈቃድ ካገኙ በኋላ በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪ እንዲይዙ ደንግጓል። ሕጉ በመጀመሪያው ቀን ዲግሪ አምጡ እንዳላለ አስተውሉ፤ እየሠራችሁ ውጡ ነው ያለው።

5. ስደትና ነርስነት

ስደተኛ መሆናችን ከዚህ ሙያ ያግደናል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ጣልያን አገራችንን ሲወር በ1936 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የንጉሥ ልጅ ነኝ ብለው አልተቀመጡም። ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው፣ እንደማንኛዋም ሠልጣኝ ተምረው፣ በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ነፃነት ሲመለስ አገራቸው ገቡ። የሚያሳዝነው በ1942 ገና በወጣትነታቸው ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ማረፋቸው ነው። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት።

ሁለተኛዋ የዚሁ የሐርጌሳ ልጅ ወይዘሮ ኤድና አዳን ናቸው። በ1937 ተወልደው፣ በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ሄደው ነርስነትና አዋላጅነት ተማሩ። በዓለም ጤና ድርጅት ካገለገሉ በኋላ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። ከተማቸው በምን ሁኔታ ላይ ነበረች? ሐርጌሳ በ1988 በቦምብ ፈርሳ፣ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ፣ ጅጅጋ አካባቢ በሐርተሼክ ጣቢያ በድንኳን ሲኖር የነበረ ነው። ዛሬ ገበያ የምትሸጥልን ሴት፣ ታክሲ የሚነዳልን ሰውዬ ትናንት በእኛ አገር ስደተኛ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይዘሮ ኤድና ሆስፒታላቸውን በ2002 ከፈቱ። ያስተዋልኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ነርሶቹን ማሠልጠን የጀመሩት ሆስፒታሉ ከመከፈቱ አስቀድሞ በ2000 ነበር። ከግድግዳው ይልቅ ሰው እንደሚቀድም ያውቁ ነበር ማለት ነው። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት የተሰጣቸው እኚሁ ሴት ናቸው።

6. ቀድሞ የተማሩት እንዴት ይቆጠራል?

ኮሌጆች ትምህርትን የሚለኩት በ«ክሬዲት» ነው። አንድ ክሬዲት በተለምዶ በአንድ ሴሚስተር በሳምንት አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ማለት ነው። በአሜሪካ ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ክሬዲት ያህል ይጠይቃል።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንዲት ነርስ 70 ክሬዲት ያለው ዲፕሎማ ይዛ መጣች እንበል። ዩኒቨርሲቲው መርምሮ 60ውን ተቀበላት። የቀራት 120 − 60 = 60 ነው። በሴሚስተር 15 እየወሰደች ብትማር 60 ÷ 15 = 4 ሴሚስተር፣ ማለትም 2 ዓመት ይፈጅባታል። ልጅ እያሳደገች፣ ቀን እየሠራች፣ ማታ 8 ብቻ ብትወስድ 60 ÷ 8 = 7.5፣ ስለዚህ 8 ሴሚስተር ወይም 4 ዓመት ይሆናል። ረዥም ነው፤ ግን ከዜሮ ከመጀመር ይሻላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደመወዟም አይቋረጥም።

7. ወረቀታችሁን ጠብቁ

ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ እሱም ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የተወሰዱትን ኮርሶችና ውጤታቸውን የሚዘረዝር ማስረጃ ነው።

ከመካከላችን በአገር ቤት ለዓመታት በነርስነት ያገለገሉ አንዲት እናት አሉ። የፈቃድ ካርዳቸው እጃቸው ላይ ነው። ትራንስክሪፕታቸው ግን ቀርቷል። ፈቃዱ እዚህ አያሠራቸውም፤ ወደ ዲግሪ እንዳይገቡም የሚቆጠርላቸው ወረቀት የለም። ዛሬ በሰው ቤት ልብስ ያጥባሉ።

የራሴንም ልንገራችሁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጫለሁ። ስወጣ ለራሴ «ተመልሼ እጨርሰዋለሁ» ብዬ የውጤት ማስረጃዬን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ያለፍኳቸውን ኮርሶች እስከ ዛሬ በቃሌ እዘረዝራለሁ። ነገር ግን በቃል የተዘረዘረ ኮርስ የሚመዘግብ መዝገብ ቤት የለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከበላይ ሆኜ ልመክራችሁ ሳይሆን የእኔ ስሕተት እንዳይደገም ነው።

ማድረግ የሚገባችሁ፦

ሀ) የእያንዳንዱን ክፍል ካርድ ዋናውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ቅጂውን በሌላ ቦታ፣ ፎቶውን ደግሞ በስልክ ያዙ።
ለ) ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መጻፉን አረጋግጡ። አንድ ፊደል ሲለያይ ሁለት ሰው ያስመስላል።
ሐ) ማስረጃ ከአገር ቤት ከማስመጣታችሁ በፊት፣ በተለይ ደኅንነታችሁ የሚያሠጋ ከሆነ፣ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንን ጽሕፈት ቤት አማክሩ።

8. በኮሌጅ በር ላይ የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

የተማሪዬን አባት ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። «መምህር፣ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። የቤት ኪራዩ አይጠብቀኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም መልስ አልነበረኝም። አጭር ኮርስ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬም አልተከራከርኳቸውም። የተነጋገርነው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ አንዳንዱ ኮርስ የመሰላል እርከን ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ መሬት ላይ የተጋደመ እንጨት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጻፍኩላቸው።

1ኛ. ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት ዕውቅና አለው? ማስረጃውን ያሳዩኛል?
2ኛ. በዚህ ኮርስ የተመረቀ ሰው እንደ ነርስ ሊመዘገብ ይችላል? ወይስ ረዳት ሆኖ ይቀራል?
3ኛ. ልጄ በኋላ ዲግሪ ልትማር ብትፈልግ ይህ ኮርስ ይቆጠርላታል? የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይቆጥርላታል?
4ኛ. የሆስፒታል ልምምድ አለው? የትና ስንት ሰዓት?
5ኛ. ጠቅላላ ክፍያው ከመመዝገቢያ እስከ መመረቂያ ስንት ነው?

በተለይ ሦስተኛውን አትርሱ። መልሱ «እናያለን» ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

9. የትምህርት ወጪ

ለስደተኞች ከሚሰጡት የነፃ ትምህርት ዕድሎች በጣም የታወቀው «ዳፊ» ይባላል። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ሲሰጥ የቆየ ሲሆን፣ የተሰየመው ራሱ ስደተኛ በነበረው ሳይንቲስት በአልበርት አንስታይን ስም ነው። ከፍተኛ ኮሚሽኑ በ2030 ከወጣት ስደተኞች 15 ከመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ ትምህርት ላይ እንዲገኙ ግብ አስቀምጧል። ዕድሉ በየአገሩና በየዓመቱ ስለሚለያይ ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት በጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቀ ሰው ለዩኒቨርሲቲ ዕድል ሊያመለክት አይችልም። ከ8ኛ ክፍል የወጣ ልጅ በሩ ሲከፈት ከደጁ አይገኝም።

ለወላጆች አንድ ቃል

እናቶችና አባቶች፣ ችግሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጁን ዛሬ ለሥራ ብታስፈልጉት አልፈርድባችሁም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራና ትምህርት አብረው የሚሄዱበት መንገድ ካለ እሱን እንፈልግ፤ ልጁ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ቢቆም፣ ጠዋት ክፍል ይገኝ። መሰላሉን እየሠሩ መውጣት እንደሚቻል ከላይ አይተናል። የታችኛው እርከን ከተነሣ ግን የሚወጣ የለም።

የተማሪዬ አባት ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ሰኞ ኮሌጁ ሄጄ እጠይቃለሁ» ብለዋል። ልጅቷም ሰኞ ጠዋት ክፍል ነበረች፤ የክፍልፋይ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠርታለች።

የቃላት ፍቺ

የሙያ ፈቃድ — በሙያ ለመሥራት ከመንግሥት አካል የሚሰጥ ማረጋገጫ
ትራንስክሪፕት — የኮርሶችና የውጤት ዝርዝር ማስረጃ
ክሬዲት — የኮሌጅ ትምህርት መለኪያ
ዕውቅና — አንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ብቁ ነው የሚል የመንግሥት ማረጋገጫ

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በሙያ ፈቃድና በትምህርት ማስረጃ መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አባባል ጻፉ።
2. 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ5 ሰዓት እንዲሰጥ ታዘዘ። ቱቦው በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያወርዳል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይሆናል?
3. አንድ ነርስ 48 ክሬዲት ይቀረዋል። በሴሚስተር 12 ቢወስድ በስንት ዓመት ይጨርሳል? በሴሚስተር 6 ቢወስድስ?
4. ቤታችሁ ያሉትን የትምህርት ወረቀቶች ከወላጆቻችሁ ጋር ቆጥራችሁ ዝርዝር ሥሩ። የጎደለ ካለ ጻፉ።

የ2ኛውንና የ3ኛውን ጥያቄ በሚቀጥለው ሳምንት በክፍል አብረን እንሠራቸዋለን። የ4ኛውን ዝርዝር ግን ለማንም ሳታሳዩ ከወላጆቻችሁ ዘንድ አስቀምጡት።

መልካም ጥናት ይሁንላችሁ።

በጎ ፈቃደኛ መምህራችሁ